ጋሼ ለምን እና የወፍራሙ ሶል ነገር

አብሬው የምሠራው ጫማ ሠሪ በሰፈሩ የሚታወቀው «ጋሼ ለምን» በሚል ስም ነው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። እሱ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ያወጣለት ፊት ለፊታችን ያለው ጸጉር አስተካካይ ይመስለዋል፤ በየጊዜውም እሱኑ ይቆጣዋል። እኔም አላረምኩትም። መቆጣቱ ካልቀረ እኔን ከሚቆጣ ጸጉር አስተካካዩን ይቆጣ።

ሥራችን እንዲህ ነው። እሱ ይለካል፣ ይቆርጣል፣ ሶሉን ይመታል፤ እኔ መስኮቱ ሥር ባለችው የስፌት መኪና የላዩን ቆዳ እሰፋለሁ። ክፍሏ አንድ ናት፤ በሯ ወደ መንገድ ይከፈታል። ግድግዳው ላይ ፎርማዎቹ፣ ማለት ጫማው ቅርጹን እንዲይዝ ውስጡ የሚገቡት የእንጨት እግሮች፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው ተሰቅለዋል። ማስቲሹ ሲከፈት ዓይን ያስለቅሳል። እኔ በሩ ይከፈት እላለሁ፣ እሱ ብርድ ይገባል ይላል፤ በዚሁ ስንጨቃጨቅ ሁለታችንም ሸብተናል።

ሌላ ጫማ ሠሪ አንዱን እግር ለክቶ ሁለት ጫማ ይሠራል። ጋሼ ለምን ግን ሁለቱንም ለየብቻ ነው የሚለካው። ደንበኛውን ጫማውንም ካልሲውንም አስወልቆ ቡናማ ወረቀት ላይ ያቆመዋል። ከዚያ ተንበርክኮ በእርሳስ ዙሪያውን ያወጣል፤ መጀመሪያ ቀኙን፣ ቀጥሎ በሌላ ወረቀት ግራውን። ተቀምጦ መለካት የለም። «እግር ሸክም ካልያዘ ጠባዩን አያሳይም» ይላል።

አንዳንዱ ደንበኛ ይቸኩላል። «አንዱ አይበቃም? ሌላውም ያው አይደል?» ይላል። ይቺን ሲሰማ የጋሼ ለምን ፊት ይፈካል። «ያው የሆነ እግር እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም» ይልና ሁለቱን ወረቀቶች ደራርቦ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያነሣቸዋል። አንደኛው ጣት ረዝሟል፣ አንደኛው ተረከዝ ሰፍቷል፣ ግራና ቀኙ በየት በኩል እንደሚገጥሙ አይታወቅም። ሰውየው ያን ሁሉ ዘመን የተሸከመውን እግር ገና አሁን ያየው ይመስል አፉን ይከፍታል። ጥያቄዋ የምትመጣው ይሄኔ ነው።

«እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ፈጣሪ እንከን የለውም አይደል?»

«የለውም እንጂ!»

«ታዲያ እንከን የሌለው ሠሪ እንከን ያለበት ሥራ ለምን ያወጣል? እኔ እንዲህ ግራና ቀኙ የማይገናኝ ነገር ሠርቼ ባስረክብህ ፊቴ ላይ አትወረውረውም?»

ልብ በሉ፤ ሰውየው ባዶ እግሩን ነው። ጫማው ያለው ጋሼ ለምን እጅ ላይ ነው። ወዴት ይሄዳል? ስለዚህ ይመልሳል።

መልሱ በየዓይነቱ ነው። አንድ ሰባኪ መጥቶ ነበር፤ ድምጹ ክፍሏን የሚሞላ ትልቅ ሰውዬ። «ዓለምማ ስትፈጠር ቀጥ ያለች ነበረች፤ ያጎበጣት ሰው ነው» አለ። ጋሼ ለምን ጎንበስ ብሎ የሰባኪውን ትንሿን ጣት ያዘና «ይቺንስ ማን አጎበጣት?» አለው። ሰባኪው ጣቱን አየት አድርጎ «እሷን እንኳን ያጎበጣት ያለፈው ጫማ ሠሪዬ ነው» አለ። እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ክሩን በጠስኩት። ጋሼ ለምንም ሳይወድ ሳቀ።

አንድ መካኒክ ደግሞ «ሞተር ውስጥ ሁሉም ነገር ጥብቅ ብሎ ከገጠመ እኮ አይዞርም፤ ትንሽ ክፍተት ያስፈልገዋል» አለው። በዚህ መልስ ጋሼ ለምን ሰነበተበት። ለመጣው ሁሉ ሞተር፣ ሞተር ሲል ከረመና አንድ ቀን መዶሻውን አስቀምጦ «ክፍተትና ብልሽት ግን አንድ ነው እንዴ?» ብሎ እኔን ጠየቀኝ። እኔ ምን አውቄ! አንዲት የሒሳብ አስተማሪ «ምናልባት ሥራው ገና አላለቀ ይሆናል፤ አንተስ ያላለቀ ጫማ ለሰው ታሳያለህ?» አለችው። «አላሳይም» አለ። «እኛ ግን ያላለቀው ውስጥ ነው ያለነው፣ ችግሩ እሱ ነው» አለችና ጫማዋን አጥልቃ ሄደች። አንዲት ልጇን የቀበረች ሴት ደግሞ «እኔ ከፈጣሪ ጋር ስገናኝ ከዚያ በፊት የምጠይቀው ሌላ ነገር አለኝ፤ አሁን ጫማዬን ስጠኝ» አለችው። ጫማዋን ራሱ አጠለቀላትና እስከ በሩ ሸኛት።

እምነት የለውም እንዳትሉብኝ። እንዲያውም ከእኔ ይልቅ እሱ ነው የሚጸልየው። ከእግዜር ጋር የሚነጋገረው ግን እንደ ሙያ ጓደኛ ነው፤ ሥራውን ያደንቅለታል፣ አንዳንዴም ይተቸዋል። እውነቱን ለመናገር ጥያቄው እኔን ያበሽቀኝ ነበር። የሚያበሽቀኝም መልስ ስለሌለኝ ነው። ሌላው የሚገርመኝ ነገር ደግሞ የሰፈሩን እግር ሁሉ አንሥቶ ሲጥል የቤቱን እግር አለማንሣቱ ነበር።

ልጁ ከሱ ጋር ነው የምትኖረው። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። ሚጢጢ ብለን የምንጠራት አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው። ሚጢጢ ከተወለደች ጀምሮ ግራ እግሯ ከቀኙ ሁለት ጣት ያህል ያጥራል። ስትራመድ ወደ ግራ ዘመም፣ ቀና፣ ዘመም፣ ቀና ትላለች። ስትሮጥ ግን ጉድ ነው! በዚያ ዘመም ቀና ግቢውን ስትዞረው የጎረቤት ልጆች አይደርሱባትም። እናቷ ግን ግቢውን አልፋ እንድትወጣ አትፈቅድላትም። እኛ ጋ ስታመጣት እንኳ አዝላ ነበር የምታመጣት፣ ያቺን የምታህል ልጅ።

ሚጢጢ ትምህርት ቤት መግባት የነበረባት አምና ነው። እናቷ «ትንሽ ትጠንክር» ብላ አስቀረቻት። ዘንድሮ ደግሞ ምዝገባው ሲደርስ ወደ ሥራ ክፍላችን መጣችና ጋሼ ለምን ፊት ቆመች።

«አባዬ፣ እያነከሰች አልልካትም። ልጆች ምን እንደሚሏት አውቃለሁ። ለሰው ሁሉ ጫማ ትሠራለህ አይደል? ለሷም የማታነክስበት ጫማ ሥራላትና እኔው እጇን ይዤ እወስዳታለሁ። ካልሆነ ግን ትቅር፣ ቤት አስተምራታለሁ።»

«ምን ልታስተምሪያት?» አልኩ እኔ፣ አላስችለኝ ብሎ።

«እትዬ፣ ተዪኝ እባክሽ» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ስለነበር ተውኳት።

በማግስቱ ሚጢጢን ይዘን ሐኪም ቤት ሄድን። እዚያ ያየችን ፊዚዮቴራፒስት፣ ማለት የአካል እንቅስቃሴ ሐኪም፣ ወጣት ናት፤ ልጅቷን አስኪዳ፣ አስተኝታ፣ ለክታ ስታበቃ «ከፍ ያለ ሶል ጥሩ ነው፤ ሙሉውን ግን በአንድ ጊዜ እንዳትሞሉት» አለች። «ወገቧም ጀርባዋም ከዚህ እግር ጋር ተስማምተው ነው ያደጉት። መጀመሪያ ግማሹን አድርጉላት፤ ከዚያ ቀስ እያልን እናያለን።» እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጋሼ ለምንም ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ።

መንገድ ላይ ስንደርስ «ግማሽ!» አለ። «ግማሽ ጫማ ሠርቼ አላውቅም።»

«ጋሼ፣ ሐኪሟ እኮ ተምራ ነው።»

«የተማረችው ስለ አጥንት ነው። ይሄ ደግሞ ጫማ ነው።»

ብዙ ተናገርኩ፤ የሰማኝ ግን የለም። ገና ሥራውን ሲጀምር ነገሩ ገባኝ። ያን ሁሉ ዓመት ስለ ጠማማ ጣትና ስለ ሰፊ ተረከዝ ሲያወራ የከረመው ይህንን እግር ሳይነካ በዙሪያው ሲሽከረከር ኖሯል። አሁን የተበላሸውን ሊያቃናው ነው፣ ያውም አንድም ሳያጎድል።

እንደዚያ ተጠቦ ሲሠራ አይቼው አላውቅም። ቀይ ቆዳ የመረጠችው ሚጢጢ ናት። ክብደቱ እንዳያስቸግራት ለሶሉ ቡሽ አመጣ፤ እየደራረበ፣ እየሞረደ፣ እንደገና እየደራረበ። ከግንበኛ ውሃ ልክ ተዋሰ፤ ያችን ግድግዳ ቀጥ ማለቱን የሚያዩባትን፣ አረፋ ያለባትን። ለሚጢጢ ጫማውን አጥልቆ አቆማትና ውሃ ልኳን ከወገቧ አጥንት አጋጥሞ ያዘ። አረፋዋ ፈቀቅ አለች። አስወልቆ ሞረደው። እንደገና አቆማት። ልጅቷ እስክትሰለች ድረስ እንዲህ ሲያደርግ ቆይቶ በመጨረሻ አረፋዋ መሐል ላይ ቁጭ አለች።

ጋሼ ለምን ወደ ጣራው ቀና አለ። «አየህ?» አለ። «ይቻላል እኮ!»

ማንን እንደሚያናግር ገባኝ።

እናቷ ተጠርታ መጣች። ሚጢጢ ክፍሉ መሐል ቀጥ ብላ ቆማለች፤ ትከሻዋ እኩል፣ ወገቧ እኩል። እናቷ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። «ቀጥ አለች! አባዬ፣ ቀጥ አለች እኮ!» አለችና አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ምን ልዋሽ፣ ደስ ይል ነበር።

«በይ ወደ እማማ ሂጂ» አላት አያቷ።

ሚጢጢ አንድ እርምጃ ሄደችና ወደቀች። ተነሣች፤ አሁንም ወደቀች። እናቷ አቅፋ አነሣቻትና «ትለምደዋለች» አለች።

እውነትም ለመደችው፤ የለመደችው ግን መሄዱን ነው። ሙሉ ብርጭቆ ውሃ እንደያዘ ሰው ቀስ እያለች፣ መሬት መሬት እያየች፣ ምንም ሳታነክስ ትሄዳለች። እናቷ በደስታ የምትሆነውን አጣች፤ ለምዝገባም ሄዳ ስሟን አስገባች። ሩጫው ግን ቀረ። ልጆቹ ሲጠሯት በረንዳው ላይ ተቀምጣ ታያቸዋለች። ማታ ማታ ጀርባዬን አመመኝ ትላለች። እኔ ለጋሼ ለምን ይህንን ስነግረው «አዲስ ጫማ መቼም ይቆረቁራል» ይለኝና ሥራውን ይቀጥላል። ግን ያን ሰሞን ደንበኛ ቢመጣም ጥያቄውን አልጠየቀም። ለክቶ ብቻ ይሸኘዋል።

ትምህርት ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው አንድ ከሰዓት በኋላ ልጁ በሩን በርግዳ ገባች። በአንድ እጇ ሚጢጢን ይዛለች፣ በሌላው ውሃ የሚንጠባጠብ ቀይ ጫማ።

«በርሜል ውስጥ! የመጠጥ ውሃችን በርሜል ውስጥ ከታው አገኘሁት! ሰኞ ትምህርት ሊጀመር!»

ጋሼ ለምን ጫማውን ተቀበላትና በጨርቅ ጠረገው። ሚጢጢን ደንበኞች የሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ አስቀመጣትና ፊቷ ተንበረከከ።

«ጫማው ምን አደረገሽ?»

«ይገፋኛል» አለች።

«ወዴት?»

«ወደዚያ» ብላ ወደ ቀኝ አሳየችው። «ስሮጥ ይገፋኛል።»

ጋሼ ለምን ሶሉን አገላብጦ አየው፤ ከዚያ ቢላውን አነሣ። ልጁ ክንዱን ያዘችው።

«እንዳትነካው አባዬ! ከቀነስከው ታነክሳለች።»

«ካልቀነስኩት አትሮጥም።»

«አትሩጥ! ሩጫ ምን ያደርግላታል? ቀጥ ብላ ትሂድልኝ እንጂ!»

እሱ ቢላውን አስቀመጠና አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ፊቱ ላይ ያቺ የማውቃት መፍካት መጣች፤ አንድ ሐሳብ ሲይዘው የምትመጣው። «ስሚኝ ልጄ» አለ። «ይሄን ሁሉ ዘመን እግዜርን ስወቅሰው ኖርኩ። አሁን በሕይወቴ አንድ እንከን የሌለው ነገር ሠራሁ፤ ልጅቷን አሰራት። ምናልባት እኮ ለዚህ ይሆናል! ምናልባት ዓለምን አንድም ሳያጎድል ቀጥ አድርጎ ቢሠራልን እኛ መንቀሳቀስ አንችልም ይሆናል። አውቆ ቀንሶልን ይሆናል።»

ጥሩ መልስ ነው ብዬ አሰብኩ። እሱም እንደዚያ ሳያስብ አልቀረም፤ ደስ ብሎት እኔን አየኝ። ልጁ ግን አልተደሰተችም።

«አባዬ፣ አንተ የሠራኸው ጫማውን ብቻ ነው። እሱ እኮ እግሩንም ነው የሠራው። ጫማህ አልሆን ያላት እግሩ መጀመሪያውኑ ስለተበላሸ ነው። ያኔ የተሳሳተው ማን ነው?»

 «እውነትሽን ነው» አለ ጋሼ ለምን። ያኔ እውነቷን መሰለኝ፤ አሁንም እውነቷን ይመስለኛል።

ሚጢጢ አግዳሚው ላይ ሆና እግሮቿን ታወዛውዝ ነበር። እየሰማችን መሆኗን ሁላችንም ረስተነዋል።

«አባባ» አለች። «እግዜር የተሳሳተው እኔን ሲሠራ ነው?»

አላለቀሰችም፣ አልከፋትምም። እንዲሁ ማወቅ ፈልጋ ነው። አያቷ ወረቀቱን ወደ መስኮት አንሥቶ ደንበኞቹን በሚጠይቅበት በዚያው ድምጽ ነው የጠየቀችው። የስፌት መኪናዬን እግሬ በራሱ አቆማት።

ጋሼ ለምን ወደ እናቷ ዞረ። 

«አይደለም!» አለች እናቷ፣ እየጮኸች።

«ታዲያ ማንን ሲሠራ ነው?»

እናቷ ጋሼ ለምንን አየችው። እሱ እኔን አየኝ። እኔ ደግሞ የማየው ስላጣሁ መኪናዬን አየሁ። ከዚያ እናቷ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ቁርጥራጭ ቆዳው ላይ፣ ከነቀሚሷ። የሚጢጢን ሁለቱንም እግሮች፣ ረጅሙንም አጭሩንም፣ ደረቷ ላይ አድርጋ ያዘቻቸው።

«እኔ ይሄን አላውቅም የኔ ልጅ» አለች። «አባባም አያውቅም። አንቺን ሲሠራ ግን አይደለም። ይሄኛውን በደንብ አውቃለሁ።»

ሚጢጢ ትንሽ አሰበችበት። «እሺ» አለች።

እናቷ ጫማውን ከአግዳሚው አንሥታ ወደ ጋሼ ለምን ዘረጋችለት። «ቀንሰው» አለችው።

ከዚያ ረጅም ከሰዓት ሆነ። እሱ ስስ አድርጎ ይሸርፋል፣ ሚጢጢ ታጠልቃለች፣ እስከ በሩ ትሄድና ትመለሳለች። «ይገፋሻል?» «ይገፋኛል።» ይሸርፋል። «አሁንስ?» «ትንሽ።» ይሸርፋል። እናቷ በየእርምጃው የልጇን ወገብ ትመለከታለች፤ መዝመሙ በጥቂቱ ሲመለስ ፊቷ ይጨማደዳል፣ ግን አትከለክለውም። በመጨረሻ «አሁንስ?» ሲላት የሚመልስ ጠፋ። ሚጢጢ በሩን አልፋ፣ መንገዱን ተሻግራ ጸጉር አስተካካዩ ቤት ገብታለች። ደግነቱ መኪና አልነበረም።

ጋሼ ለምን የተሸረፈውን ቡሽ ሰብስቦ ደራረበና በጣቱ ለካው። እኔም ከትከሻው በላይ አየሁ።

«ግማሽ ነው» አልኩት።

«ዝም በይ» አለኝ።

በኋላ ዕቃ ስንሰበስብ «መልሱን አገኘኸው እንግዲህ?» ብዬ ቀለድኩበት። አልሳቀም። «የጫማውን አግኝቼ ነበር» አለኝ፤ «የእግሩ ግን አሁን ብሶብኛል። ድሮ ስጠይቅ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ስጠይቅ እሷን ነው የማያት።» አሳዘነኝ። ግን ደግሞ ጥያቄውን እንዲተወው አልፈለግሁም፤ ይህ ሰው ካልጠየቀ ምን ሊሆን ነው? እንዲያውም እኔ ራሴ ቤቴ ገብቼ ሽንኩርት ስከትፍ ለምን ይሆን፣ ለምን ይሆን ስል አመሸሁ።

ሰኞ ጠዋት ሁለታችንም ሥራ ላይ ነን ብለን ሥራ አልሠራንም። እሱ አንዱን ሶል ደጋግሞ ይመታል፣ እኔ የተሰፋ እሰፋለሁ። ሚጢጢ ቦርሳዋን አዝላ፣ ቀዩን ጫማ አድርጋ፣ በእናቷ እጅ ተይዛ በመስኮቱ ፊት አለፈች። እናቷ እጇን አጥብቃ ይዛታለች፤ ግራ ቀኝ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ገና ምንም ሳይል በዓይኗ ትቆጣዋለች። የልጅቷ ትከሻ ዘመም፣ ቀና፣ ዘመም፣ ቀና ይላል፤ እንደ ድሮው ባይሆንም ይታያል። ማዕዘኑን ዞረው ጠፉ።

ትምህርት ቤቱ ሩቅ አይደለም፤ እናቲቱ ግን ቆየች። ጋሼ ለምን ሁለት ጊዜ ወጥቶ መንገዱን አየ። «ይዛት ተመልሳ ወደ ቤት ገብታ እንዳይሆን» አለ። እኔም የፈራሁት ያንኑ ነበር።

በመጨረሻ ብቻዋን መጣች። ገብታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች። ባዶ እጅ ምን እንደሚደረግበት የጠፋት ትመስል ነበር።

«ገባች?» አላት አባቷ።

«በሩ ጋ ስንደርስ እጄን መንጭቃ ሄደች» አለች። «ሮጠች አባዬ። ልጆቹ የሆነ ነገር ያባርሩ ነበር፤ መሐላቸው ገብታ አብራ ማባረር ጀመረች። ዞር ብላ እንኳን አላየችኝም።»

ጋሼ ለምን መዶሻውን እንደያዘ ነው። ለመጠየቅ እንደፈራ ያስታውቅበታል።

«አነከሰች?» አላት።

ልጁ እሱን አየችው፣ እኔን አየችኝ፤ የራሷ ነገር ራሷን የገረማት ትመስላለች።

«እንጃ» አለች። «ማየት ረሳሁ።»